ውዳሴ «ሌላስ?»

ባለፈው ሳምንት አንድ ሲኒየር ሐኪም ሻይ ክበብ ቁጭ ብለው ማኪያቷቸውን እያማሰሉ «ዛሬ ሦስቱን አስለቅሼ ላክኋቸው» ሲሉ ሰማሁ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እንዲህ ያለ ልፋት ሳይመሰገን ቢያልፍ ነውር ነውና እነሆ ብዕሬን ለኦራል፣ ማለትም ለሕክምና ተማሪዎች የቃል ፈተና፣ ፈታኞቻችን አነሣሁ።

መቼም ኦራል ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግርም። ጋውኑ ጀርባ ላይ ሲጣበቅ፣ ሌሊቱን የተሸመደደው ሁሉ በሩ ላይ ሲቀር፣ የገዛ ስምን እንኳ ለመጥራት ሲቸገሩ… ታውቁታላችሁ።

ከፈታኞቻችን ጥበብ ሁሉ የላቀችው «ሌላስ?» ናት። ዝግጅት አትፈልግም። መልሱን ማወቅ እንኳ ግዴታ አይደለም። አንዲት ተማሪ ለሎንግ ኬዝ፣ ማለትም አንድ ታካሚ ሙሉ በሙሉ መርምራ ለምትጠየቅበት ፈተና፣ የአኦርታ ቫልቩ (ደም ከልብ የሚወጣበት በር) ደም ወደ ኋላ የሚመልስ ወጣት ደረሳት እንበል። በሰው ስም የተሰየሙትን የሕመሙን ምልክቶች ጥሪ ተባለች። ኮሪጋን አለች፤ የአንገት ደም ሥር ሲዘል። «ሌላስ?» ኩዊንኬ፤ የጥፍር ሥር ቅላት መጣ ሄድ ሲል። «ሌላስ?» ደ ሙሴ፤ ራስ ከልብ ምት ጋር ሲነቀነቅ። ስሙ የፈረንሳዊው ባለቅኔ መሆኑንም ጨመረች፣ ምስኪን፣ ነጥብ ያስገኝልኛል ብላ። ፈታኛችን ስልካቸውን እያዩ «ሌላስ?» አሉ። ሙለር፣ እንጥል ሲመታ። ዱሮዚዬ፣ ታፋ ላይ የሚሰማው። ሂል፣ የእግር ደም ግፊት የክንዱን በእጅጉ ሲበልጥ። «ሌላስ?» ቤከር፣ ሬቲና (የዐይን ውስጠኛው ሽፋን)። ላንዶልፊ፣ የዐይን ብሌን። ሮዘንባክ፣ ጉበት። ጌርሃርት፣ ጣፊያ። «እሺ፣ ሌላስ?» የሰው ልጅ አካል አለቀ! ከዚህ በኋላ የሚመታ ነገር ቢገኝ አልጋው ብቻ ነው። በክፍሉ ውስጥ ከተማሪዋ ጋር የሚስማማ አንድ ሰው ነበረ፤ ታካሚው፣ በየልብ ምቱ ራሱን ይነቀንቅላታል። መጨረሻ ላይ «ዋናውን ረሳሽው» ተብላ ወጣች። ዋናው ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ የነገራት የለም።

ቀልዱን እንተወውና፣ ያ ወጣት ሸሚዙን አውልቆ ረፋዱን ሙሉ ሲዳሰስ የቆየ ሰው ነው። በአገራችን እንደሱ ያሉ ብዙ ልጆች ልባቸው የተበላሸው በልጅነታቸው ጉሯሯቸውን ታመው ሳይታከሙ ቀርተው፣ የሩማቲክ ሕመም ተከትሎባቸው ነው። በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን መወጋት እንዳለበት ነግረሽዋል? ገብቶታል? መርፌውን ቀዬው ካለው ጤና ጣቢያ ያገኛል? አንዱንም የጠየቃት የለም። የአሥር ሟች ፈረንጆች ስም ግን ተጠየቀ። ደግሞስ «አላውቅም» ያለ ወድቆ ደፍሮ የቀባጠረ የሚያልፍበትን ፈተና ለዓመታት ስንፈትን ኖረን፣ ያው ልጅ ኢንተርን (ተለማማጅ ሐኪም) ሆኖ ሌሊት ያልለካውን ደም ግፊት ቻርት ላይ ሲጽፍ የምንደነግጠው በምን ዐይናችን ነው? ያስተማርነው እኛው ነን!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ሮናልድ ሃርደን የሚባል ሰው በስኮትላንዷ ደንዲ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ በ1975 እ.ኤ.አ. ኦስኪ የሚባል ፈተና ይዞ ብቅ አለ። ሁሉም ተማሪ በየጣቢያው እየዞረ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል፣ ነጥቡም አስቀድሞ በተጻፈ ዝርዝር ይያዛል። ምቀኛ! ፈታኙ ጠዋት ከሚስቱ ጋር መጣላቱ ውጤት ላይ ካልታየ ፈተናው ምኑን ፈተና ሆነ? ደግነቱ ነባሮቻችን «እኛም እንዲህ ነው የተማርነው» የሚል የማይረታ መከራከሪያ አላቸው። በእርግጥም እንዲያ ነው የተማሩት። ያያችሁት ነው።

ሁለት ሆነው የሚፈትኑትን ሳላመሰግን ባልፍ ይከፋቸዋል። አንደኛው «መርመር (ያልተለመደ የልብ ድምፅ) ሰምተሃል?» ይላሉ፣ ተማሪው «አዎ ዶክተር» ይላል፣ ሁለተኛው ማዳመጫቸውን የታካሚዋ ደረት ላይ አድርገው «የለም» ይላሉ። ከዚያ ሁለቱ እርስ በርስ ይከራከራሉ፣ የተማሪው ሰዓት ያልቃል፣ ልጁም በ«ዝምተኛነት» ነጥብ ይቀነስበታል። በዚያ ሁሉ መሃል የሚያዝን ቢኖር አልጋው ላይ ያሉት እናት ናቸው። ስንት ተማሪ ሲፈተንባቸው ሰምተው ሕመማቸውን በእንግሊዝኛ ሸምድደዋል፤ ፈታኙ ዘወር ሲሉ «ልጄ፣ ስፕሊን (ጣፊያ) ነው በል» ብለው ያንሾካሹካሉ። ካየኋቸው መምህራን ሁሉ እሳቸውን የሚያህል አላየሁም።

ሰኞ የሕፃናት ኦራል አለ። ዶርም ውስጥ ስለ ሳንባ ምች የሚያነብ እንዳይመስላችሁ። ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ከቀደሙት ባቾች የተወረሰ ወረቀት ነው፦ ረጅሙ ዶክተር ክራባት ካሰሩ አትከራከሩ፤ መነጽራቸውን ካወለቁ መልሳችሁን ቀይሩ፤ ቁርስ ሳይበሉ ከመጡ ግን ተራችሁን ለጓደኛችሁ ልቀቁ።