እርማት፦ ፓራግላይደር ነፋስ ከጀርባ ሲገፋው አይነሣም

ወንድሜ፣ ስለ ፓራግላይደር፣ ማለትም ሰው ተንጠልጥሎበት ስለሚበረው የጨርቅ ክንፍ፣ «የሚነሣው ነፋስ ከጀርባ ሲገፋው ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ሲነሡም ሲያርፉም ፊትን ወደ ነፋሱ ማዞር ግድ ነው። ክንፉን የሚሸከመው በላዩና በታቹ የሚያልፈው አየር ነውና፣ ለመነሣት ሲሮጡ የጀርባ ነፋስ ያንኑ ይቀንስበታል።

ጉዱ የሚታየው ሲያርፉ ነው። ክንፉ በአየር ውስጥ በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ቢበር፣ የነፋሱም ፍጥነት 15 ቢሆን፣ ነፋሱን ገጥሞ የሚመጣ ሰው ፍሬኑን (ክንፉን የሚያዘገየውን ገመድ) ሳይስብ ገና መሬቱን በ21 ይቀርበዋል፤ ነፋሱን አዝሎ የሚመጣው ግን በ51። በዚህ ፍጥነት የሚሮጥ እግር ያለው ይምጣ! በዚያ ላይ እንደ አዲስ አበባ ባለ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ ያው ክንፍ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ከአሥር በመቶ በላይ ይፈጥናል።

በመስቀል አደባባይ ስታልፍ የተሰቀለ ባንዲራ ካየህ ልብ በል። ጨርቁ ወደ ስታዲየሙ ከተዘረጋ ነፋሱ ወደዚያ እየሄደ ነው፤ አብራሪ ብትሆን ፊትህን የምታዞረው ወደ ስታዲየሙ ሳይሆን ጀርባህን ለእርሱ ሰጥተህ ነው።