እርማት፦ የጨረቃ መኖሪያ የመስታወት ጉልላት አይሆንም

«በጨረቃ ላይ ሰው በቋሚነት የሚኖረው ሰማዩ ቁልጭ ብሎ በሚታይበት የመስታወት ጉልላት ውስጥ ነው» የሚባለው፣ በብዙዎች ዘንድ የተለመደ አስተሳሰብ ቢሆንም፣ መታረም ይገባዋል። ጨረቃ ከጠፈር ጨረርና ከደቃቅ ተወርዋሪ ድንጋዮች የሚከላከል አየር ስለሌላት፣ ነዋሪውን የሚጠብቀው በላዩ የሚከመረው ወፍራም የጨረቃ አፈር ነው። የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2013 ከአርክቴክቶች ጋር ያቀረበው ንድፍም በአየር የሚነፋ ክፍል ሆኖ፣ ላዩን ሮቦት ከዚያው አፈር እየደራረበ በሚያትመው ቅርፊት የሚሸፈን ነበር።

ይበልጥ የሚዘነጋውና በእኔ እምነት ዋናው ነጥብ ግን የግፊቱ አቅጣጫ ነው። መሐንዲሱን የሚያስጨንቀው የጣሪያው መደርመስ ሳይሆን ወደ ውጭ መፈንዳቱ ነው፤ ምክንያቱም ቤቱ በምድር የባሕር ጠለል ላይ ባለው የአየር ግፊት ከተሞላ እያንዳንዱ ካሬ ሜትር 10 ቶን ያህል ሲገፋ፣ የጨረቃ ስበት የምድርን አንድ ስድስተኛ ብቻ በመሆኑ 3 ሜትር አፈር መልሶ የሚጫነው ወደ 1 ቶን ገደማ ብቻ ነው።