ርዕሰ መምህሯ ፈቃድ ጠየቀች

ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ ከእኛ ግቢ ጎን አንድ ትምህርት ቤት አለ። ታፔላ የለውም። የተማሪው ብዛት ሁለት ነው። ርዕሰ መምህሯ ጎረቤቴ ናት። የሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ፣ የሳይንስና የአማርኛ መምህርትም እሷው፣ ጥበቃም እሷው፣ ምሳ አቅራቢም እሷው። ባሏ የስፖርት መምህር ነው። ማታ ከሥራ ሲገባ ደግሞ የወላጅ ኮሚቴ ሊቀመንበር ይሆንና «የትምህርት ጥራቱ እንዴት ነው?» ይላል። አንዴ እንዲህ ሲላት ጭልፋ ወለል ላይ ሲያርፍ በግድግዳው በኩል ሰምተናል።

ነገሩ የተጀመረው በኮሮና ነው። መጋቢት 2012 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ሁላችንም በግዳችን መምህር ሆነን ነበር። ወርክሺቱ በቴሌግራም ይመጣል፤ እናት ታነባለች፤ ልጅ ያዛጋል፤ አባት «ስልኬን መልሱልኝ» ይላል። በሩ እንደገና ሲከፈት እኛ ልጆቻችንን አስረክበን፣ ዞር ብለን እንኳ ሳናይ ሮጥን። ጎረቤቶቼ ግን ነገሩ ጣማቸው። ቀጥሎ የ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጣ፤ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። አባትየው የወር ክፍያ ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፋቸውና «ለመውደቅማ ለምን እንከፍላለን? እዚሁ በነጻ ይውደቁ!» አለ። ትምህርት ቤቱ በዚህ ራዕይ ተመሠረተ።

ልጆቹን ቤት ሲያስቀሩ ትምህርት ቤቱ ከነኮተቱ ተከትሏቸው ገባ። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ትሪ በማንኪያ ይደወላል። ሰልፍ አለ። ሁለት ሰው እንዴት እንደሚሰለፍ አትጠይቁኝ፤ በቁመት ነው። ከዚያ ስም ይጠራል። እናት የወለደቻቸውን ሁለት ልጆች መዝገብ ገልጣ በሙሉ ስማቸው፣ ከነአያታቸው ትጠራለች። እነሱም ፊቷ ቆመው «አቤት!» ይላሉ። ትንሿ አንድ ቀን አርፍዳ መጣች። ከአልጋዋ እስከ ክፍሏ መጋረጃ ብቻ ነው ያለው። ምክንያቷን ስትጠየቅ «ትራፊክ ነበረ» አለች። ወንድሟ ሽንት ቤቱን ይዞባት ኖሯል።

ደረጃም ይወጣል። ትልቁ 6ኛ ክፍል ነው፤ ትንሿ 3ኛ። ፈተናቸው ለየቅል ነው። ያም ሆኖ ደረጃ የሌለው ካርድ ካርድ አይባልም ተብሎ ባለፈው መንፈቅ ትንሿ ሁለተኛ ወጣች። አባቷ ለበርጫ ጓደኞቹ ሁሉ በኩራት አወራ። አንዱ «ከስንት?» ብሎ ጠየቀው። ጨዋታውን ወደ እግር ኳስ መለሰው።

ዋናው ጥፋት ግን የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ላይ ነው። ሒሳብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተመደበ። በድሬ! በዚያ ሰዓት ባለሱቁ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠፋል። ባለባጃጁ ዛፍ ሥር ቆሞ የኋላ ወንበሩ ላይ እግሩን ይዘረጋል። ፍየሎቹ እንኳ ጥላ ተካፍለው ይተኛሉ። ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1902 ከጅቡቲ የመጣው ባቡር ሲደርስ ተቆረቆረች። ባቡሩ ስንቴ ቆመ፣ ስንቴ ተነሳ፤ የቀትር እንቅልፏ ግን አንድም ቀን ተሰርዞ አያውቅም። ጎረቤቴ ሰረዘችው። ላቧን በነጠላዋ እየጠረገች ክፍልፋይ ታስተምራለች። ልጆቹም በእኩል ድርሻ ያንቀላፋሉ።

ድካሙ ቀስ ብሎ ነው የገባባት። መጀመሪያ ድምጿ ሄደ። ቀጥሎ ትዕግሥቷ። አንድ ቀን ባለሱቁ ሒሳቡን ሲነግራት «እጅህን ሳታወጣ አትናገር!» ብላ ጮኸችበት። ምስኪኑ አወጣ። ባሏም ሌሊት ሲነሳ «ወዴት ነው?» የሚል ጥያቄ እየቀረበለት ፈቃድ መጠየቅ ጀመረ። የከተማው መምህር 10 ሰዓት ሲሆን ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቤቱ ይሄዳል፤ ተማሪውን ያማዋል፤ ይተኛል። እሷ የት ትሂድ? ሥራዋም ቤቷም አንድ በር ነው ያላቸው። ተማሪዎቿ ደግሞ ማታ እራት ይጠይቃሉ።

ባል ሊያጽናናት ስልኩን ከፈተ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንዲህ ያለውን መዛል፣ ፈረንጆቹ «በርንአውት» የሚሉትን፣ በበሽታ ዝርዝር መጽሐፉ ውስጥ ሲያሰፍር፣ በሽታ አላለውም፤ በሥራ ቦታ ያለ ውጥረት ለረጅም ጊዜ መላ ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ ነው አለ እንጂ። ከሥራ ውጪ ላለው ኑሮ ቃሉን አትጠቀሙበት ብሎም አስጠነቀቀ። ባል ይህን አንብቦ «ስለዚህ አንቺን አይመለከትም» አላት። መልሷን እዚህ ልጽፈው አልችልም። ጨዋው ክፍል «ድርጅቱ ይምጣና አንድ ሳምንት ያስተምርልኝ» የሚል ነበር።

ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነ። አንዷ ጸበል አለቻት። ሌላዋ ዓይን ነው አለች። የባሏ ጓደኞች ያዘዙትን መድኃኒት መገመት አያቅታችሁም፤ ከአወዳይ በየቀኑ ይገባል። ሰፈራችን መግቢያ ላይ ሳምቡሳ የሚጠብሱት እማማ ግን ብዙም አላወሩ። «ልጆቹን ማለዳ ማለዳ ለኔ ስጪኝ። አንቺ ተኚ» አሏት። ልብ በሉ፤ አሜሪካ ውስጥ ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ ቤተሰቦችም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ተሰባስበው አንዷ ለሁሉም ልጅ ሳይንስ፣ ሌላዋ ሥዕል ታስተምራለች፤ የቀሩት ትንፋሽ ይወስዳሉ። ልጅ ከትምህርት ቤት እንደወጣም መጀመሪያ ለተወሰነ ጊዜ ያለ መጽሐፍ ይለቁታል፤ የደወሉ ድምፅ ከጆሮው እስኪወጣ። የእኛዎቹ በማግስቱ ነው ትሪ የደበደቡት።

እንግዲህ ልጆቹ ከእማማ ጋር ቀፊራ ገበያ መውረድ ጀመሩ። ትልቁ ሽንኩርት በኦሮምኛ ይከራከራል፤ ዘይቱን ከሶማሌዋ ነጋዴ በሶማልኛ ይገዛል፤ መልሱን በአማርኛ ቆጥሮ ያስረክባል። በክፍልፋይ ላቧን ያፈሰሰችበት ልጅ ሩብ ኪሎን በጭንቅላቱ ሲያባዛ እናቱ ሰማች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ተናደደች። «እኔ ጋ ለምን ደነዘ?» አለች። አቦ፣ በ8 ሰዓት ነዋ!

ያም ሆኖ ሥርዓት ሥርዓት ነው። እረፍት እንዲሁ አይወሰድም። ማመልከቻ ጻፈች። «ለርዕሰ መምህር ጽሕፈት ቤት፤ ጉዳዩ፦ የአንድ ሳምንት ፈቃድ ስለመጠየቅ።» ፈረመችና ለራሷ አስገባች። በማግስቱ ጠዋት በቀይ እስክሪብቶ «ተተኪ መምህር ከተገኘ ተፈቅዷል» ብላ መራችበት። ተተኪው ከነቢጃማው ቁርስ ላይ ተገኘ። ከመሥሪያ ቤቱ ዓመት ፈቃዱን ወስዶ ሊተኛ ነበር ያሰበው። እሷ ሻንጣዋን ይዛ እህቷ ዘንድ፣ ደንገጎን ወጥታ ወደ ብርዱ ሄደች።

ተተኪው በመጀመሪያው ቀን 4 ሰዓት ላይ ትሪውን ደወለና «ዛሬ ግማሽ ቀን ነው» አለ። በሁለተኛው ቀን ትሪው ጠፋ፤ ትንሿን እጠረጥራለሁ። በሦስተኛው ቀን ቀትር ላይ ብቅ ስል መምህርም ተማሪም ምንጣፍ ላይ ተዘርግተዋል። የመምህር መገምገሚያ ቅጹን ልጆቹ ሞልተው ግድግዳው ላይ ለጥፈውታል፦ «ጠንካራ ጎን፦ ይተኛል። ደካማ ጎን፦ ያንኮራፋል።» ከሥሩ መምህሩ ቋሚ ሆኖ እንዲቀጠርላቸው ይጠይቃሉ። ውሳኔው የርዕሰ መምህሯ ስለሆነ ደወሉላት። ስልኳ ዝግ ነው።