ሳይረኑን አብራ፣ አለዚያ እንደኛ ቁም

ባለፈው ማክሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። ከመገናኛ ወደ ቦሌ በሚሄድ ሚኒባስ ጋቢና ተቀምጫለሁ። መብራቱ ቀይ ነው። ሾፌራችን ዜብራው ጋ ሳይደርስ ቆሟል፣ ያውም ክንድ የሚያህል ቦታ ትቶ። ወዶ አይደለም። ከሁለት ቀን በፊት እዚያው ቦታ የፊት ጎማው ዜብራ ላይ አርፎ ተገኝቶ ተቀጥቷል። የቅጣት ወረቀቱን ፊት ለፊቱ ሰክቶታል፣ ለማስታወሻ ይመስላል። አንዲት እናት ልጇን በእጇ ይዛ መሻገር ጀመረች።

ከኋላችን የፖሊስ ፒክአፕ መጣ። ሳይረን የለ፣ የሚሽከረከር መብራት የለ። በግራችን ሾልኮ ቀዩን ጥሶ አለፈ። እናትየዋ ልጁን በክንዱ ስትጎትተው አንድ እግር ጫማው አስፋልቱ ላይ ቀረ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ "እሳት ተነስቶ ነው፣ ጥብሱ ሊያርባቸው ነው!" ብሎ ጮኸ። ተሳቀ። ትንሽ እንደሄድን ያው ፒክአፕ አንድ ሥጋ ቤት በር ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ የሳቀ አልነበረም።

ፖሊስ በምንም ምክንያት መብራት አይጥስ እያልኩ አይደለም። ወንጀለኛ የሚያባርር ፖሊስ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሰከንድ ይቁጠር የሚል ጤነኛ ሰው የለም። የኛም ሕግ ለአምቡላንስ፣ ለእሳት አደጋና ለፖሊስ መኪና አስቸኳይ ሥራ ላይ ሲሆኑ ቅድሚያ ይሰጣል፣ እኛም ሳይረን ስንሰማ ጥግ እንይዛለን። እ.ኤ.አ. በ1968 ቪየና ላይ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ደግሞ አንቀጽ 34 ላይ ለእንዲህ ዓይነት መኪኖች ነፃነቱን ሲሰጥ ሁለት ነገር ይጠይቃል። የማስጠንቀቂያ ምልክትህን አሰማ፣ ሌላውን መንገደኛ ደግሞ አደጋ ላይ አትጣል። ፈቃዱ የአስቸኳይ ጥሪው ነው ማለት ነው። ጥሪው ሲያልቅ ፈቃዱም ያልቃል፣ ፒክአፑ እንደማንኛውም ፒክአፕ ሰልፍ ይይዛል። ምሳ ደግሞ ጥሪ አይደለም፣ ምንም ያህል ቢርብ።

"ይሄ የኛ አገር በሽታ ነው" የሚል አይጠፋም። አይደለም። እንዲያውም ነገሩን ከሥሩ ያሳየኝ የፍሎሪዳ ታሪክ ነው።

ጥቅምት 2011 (እ.ኤ.አ. ነው) አንዲት የግዛቲቱ የአውራ ጎዳና ፖሊስ ሥራ ላይ እያለች አንድ የማያሚ ፖሊስ መኪና በሰዓት 120 ማይል ሲበር አየችው። በኛ 193 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። መብራቷን አብርታ ተከተለችው። ቶሎ አልቆመም፣ ብዙ ደቂቃ አስሮጣት። ሲቆም መሣሪያ ደግና አስወረደችው፣ በካቴናም አሰረችው። የደንብ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ነው። ምን ሊይዝ ነበር የሚበረው? ሌባ? የትርፍ ሰዓት ሥራ ረፍዶበት ነው።

ሰን ሴንቲኔል የሚባለው የአካባቢው ጋዜጣ ነገሩን ሲሰማ አንድ ቀላል ጥያቄ አነሳ። ይሄ ሰውዬ ብቻውን ነው? ጋዜጠኞቹ ራዳር ይዘው መንገድ ዳር አልቆሙም። የፖሊስ መኪኖች በክፍያ መንገዶች ላይ ሲያልፉ የተመዘገበውን ሰዓት ጠይቀው ወሰዱ። ከዚያ በሁለት የክፍያ ጣቢያዎች መካከል ያለውን ርቀት ለኩት፣ ለፈጀው ጊዜ አካፈሉት። የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ! በ13 ወር ውስጥ 800 ገደማ ፖሊሶች በሰዓት ከ90 እስከ 130 ማይል ሲነዱ ተገኙ። ብዙዎቹ ከሥራ ሰዓት ውጪ፣ ወደ ቤት ሲሄዱ ወይም ከቤት ሲወጡ ነበር። ጋዜጣው ወደ ኋላም ሄዶ አየ። ከ2004 ጀምሮ በፍሎሪዳ በፍጥነት የሚነዱ ፖሊሶች ቢያንስ 320 አደጋ አድርሰው 19 ሰው ሞቷል። እስር ቤት የገባው አንድ ፖሊስ ብቻ ነው፣ እሱም ለ60 ቀን። ጋዜጣው በ2013 በዚህ ሥራው ፑሊትዘር የሚባለውን ትልቁን የአሜሪካ የጋዜጠኝነት ሽልማት ተሸለመ።

እኔን የገረመኝ ግን ቁጥሩ አይደለም፣ ካቴና ያስገባችው ሴት ዕጣ ነው። ያስቆመችው ሰው ከሥራ ተባረረ። እሷ ደግሞ በገዛ ባልደረቦቿ ዘንድ ከሃዲ ሆነች። ከ25 መሥሪያ ቤቶች የተውጣጡ 88 ፖሊሶች የመንጃ ፈቃድ መረጃዋን ከ200 ጊዜ በላይ እየከፈቱ አዩት። ማን እንደሆነች፣ የት እንደምትኖር። ያላዘዘችው ፒዛ ቤቷ ይመጣል፣ ስልኳ ይጮኻል፣ ብላ ከሰሰች። ሥራዋን ስለሠራች። ስለዚህ "ፖሊስም ሕግ ያክብር" ማለት ብቻውን አያስኬድም። ሕጉማ አለ። የሌለው ባልደረባውን አስቁሞ በሰላም ቤቱ የሚገባ ትራፊክ ነው።

የሲያትሉን ደግሞ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፣ ያ ከተማ ሐበሻ የሞላበት ነው። ጥር 2023 አንዲት የ23 ዓመት ሕንዳዊት ተማሪ የእግረኛ ማቋረጫ ላይ በፖሊስ መኪና ተገጭታ ሞተች። ፖሊሱ እውነተኛ ጥሪ ነበረው፣ አደንዛዥ ዕፅ ከመጠን በላይ ወስዷል ወደተባለ ሰው እየሄደ ነው። ግን የሚነዳው በሰዓት 74 ማይል ነበር፣ የመንገዱ ገደብ 25 በሆነበት። ሳይረኑን መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ጢጥ ያደርጋል እንጂ እያስጮኸ አልነበረም። ዐቃቤ ሕግ ወንጀል አልመሠረተበትም። የ5,000 ዶላር የቅጣት ክስ ተጻፈበት፣ በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ከሥራ ተሰናበተ። እዚያ ታክሲ የሚነዳ የአክስቴ ልጅ ይህን ሲያወራኝ "እኔ ብሆን ኖሮ…" ብሎ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

"ፖሊስ ቀስ ካለ ሰው ይሞታል" የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፣ ንቄም አላልፈውም። ግን ሒሳቡን እንየው። ከተማ ውስጥ 3 ኪሎ ሜትር በ40 ፍጥነት አራት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። በ60 ሦስት ደቂቃ። ትርፉ ደቂቃ ተኩል ነው። ለሚደማ ሰው ደቂቃ ተኩል ነፍስ ነው፣ እሺ፣ ሳይረኑ ይጩህ፣ እኛም መንገድ እንልቀቅ። ሌባ እንዳይነቃ ድምፅ አጥፍቶ መሄድም አለ፣ እሱም ይገባኛል። ያኔ ደግሞ ቀይ መብራት ላይ ዝግ ማለት የግድ ነው፣ ምክንያቱም ያላሰማኸውን እናትየዋ ልትሰማው አትችልም።

እንዲህ ያለውን እዚህ መቆጣጠር ከባድ አይደለም። የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስትገባ ካርድ፣ ስትወጣ ክፍያ። መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በግማሽ ሰዓት የጨረሰ መኪና በአማካይ 170 ነድቷል፣ ራዳርም ካሜራም አያስፈልግ። ከተማ ውስጥ ደግሞ ጂፒኤስ አለ። ለሕዝብ ማመላለሻው የፍጥነት መገደቢያ ግጠም ተብሎ የለ? ለፖሊስ መኪናም ሳይረኑ መቼ እንደበራ የሚመዘግብ ነገር ይገጠምለትና የጥሪ መዝገቡ ጎን ይቀመጥ። ጥሪ ሳይኖር መብራት የጣሰ እንደ ሾፌራችን ይቀጣ። የሚቀጣውም በአለቃው ላይ ደረሰኝ እንዲቆርጥ የሚጠበቀው ምስኪን ትራፊክ አይሁን፣ እሱን ከዚህ ጣጣ አውጡት።

ይህን ሁሉ ሰፈራችን ለሚኖር አንድ ትራፊክ ፖሊስ ነገርኩት። ጥሩ ሰው ነው፣ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ይውላል። ፒክአፑን አንተ ብታየው ኖሮ ታስቆመው ነበር ወይ አልኩት። ቡናውን ፉት ብሎ ጎማ እንደማየት ብርጭቆውን አገላብጦ አየ።

"ታርጋውን ይዘኸዋል?" አለኝ።

"ይዤዋለሁ።"

"እንግዲያው ይዘኸው ቆይ፣ ወንድሜ።"