ወንበዴው ሽጉጡን ከየት ያመጣዋል?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ በጥይት ባለቀ ቁጥር ያው ክርክር ይነሳል። አንዱ «ሕጉ ይጥበቅ» ይላል። ሌላው «ሕግ የሚያከብረው ጨዋው ሰው ነው፤ ወንበዴ ፈቃድ አይጠይቅም» ብሎ ይመልሳል። ይህ መልስ ጆሮ ይገባል። ግን ግማሹን ብቻ ነው የሚያወራው።

ሚዙሪ ግዛትን እንይ። እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) ድረስ እዚያ ሽጉጥ የፈለገ ሰው ሸሪፍ (የአካባቢው ፖሊስ አዛዥ) ቢሮ በአካል ቀርቦ የመግዣ ፈቃድ ማውጣት ነበረበት። በዚያ ዓመት ሕጉ ተሻረ። የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከዚያ በኋላ ያለውን ሲመረምሩ በጠመንጃ የሚፈጸም ግድያ ጨምሮ አገኙት። ኮነቲከት በ1995 ተመሳሳይ የፈቃድ ሕግ አውጥታ ነበር፤ እዚያ ደግሞ ቀንሷል።

ወንበዴው እርግጥ ሸሪፍ ዘንድ አይሄድም። ሽጉጡ ግን ከሰማይ አይወርድለትም። ብዙ ጊዜ መዝገቡ ንጹሕ የሆነ ጓደኛ ወይም ፍቅረኛ ነው ገዝቶ የሚያቀብለው። ያ ሰው ፖሊስ ፊት ቀርቦ በስሙ ፈርም ሲባል ሁለቴ ያስባል። የፈቃድ ሕግ የሚይዘው እሱን ነው።

ራስን የመከላከል ጉዳይስ? ይህን መብት እንደ ቀልድ የሚያዩት ሰዎች አይመቹኝም። ዋሽንግተን ዲሲ ሽጉጥ ከልክላ፣ ቤት ያለ ጠመንጃም ጥይቱ ወጥቶ ተፈታትቶ ወይም ቃታው ተቆልፎ ይቀመጥ ብላ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ሻረው። ትክክል ነው ባይ ነኝ። ሌሊት በሩ የተሰበረበት ሰው ጠመንጃ እስኪገጣጥም ማን ይጠብቀዋል? ያው ውሳኔ ግን መብቱ ገደብ የለሽ አይደለም ብሏል። ፍሎሪዳ በ2005 «ማምለጥ ብትችልም መተኮስ ትችላለህ» የሚል ሕግ ካወጣች በኋላ የግድያ ቁጥር አሻቅቧል።

ጥብቅ ሕግ ብቻውንም ተአምር አይሠራም። ሜክሲኮ ውስጥ ሕጋዊ መሸጫዎቹ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ የሚያስተዳድራቸውም ጦር ኃይሉ ነው። ጠመንጃው ግን ከአሜሪካ ድንበር ተሻግሮ ይጎርፋል። አውስትራሊያ በ1996 35 ሰዎች ከተገደሉ በኋላ ከ600 ሺህ በላይ መሣሪያ ገዝታ ስታስወግድ ዙሪያዋ ባሕር ነበር። ደጋፊዎቿ የማያነሱት ነገርም አለ፦ እዚያ «ራሴን ልከላከልበት» ብሎ ፈቃድ ማግኘት አይቻልም። ያ ቀላል ዋጋ አይደለም።

ክርክሩ ሁሉ ስለ ሌባ ሲሆን የሚረሱ ሰዎች አሉ። በ2021 አሜሪካ ውስጥ በጠመንጃ ከሞቱት ከ48 ሺህ በላይ ሰዎች 26 ሺህ ያህሉ ራሳቸውን ያጠፉ ናቸው። ለሌባ ተብሎ ጥይት ጎርሶ ኮመዲኖ ውስጥ የተቀመጠ ሽጉጥ የተከፋ ልጅ እጅም ይገባል። ያ ክፉ ሐሳብ ደግሞ ብዙ ጊዜ የደቂቃዎች ነው፤ ሽጉጡ ተቆልፎ ከቆየው ያልፋል።

ስለዚህ እኔ የምደግፈው ሁለት ነገር ነው፤ ሲገዛ ፈቃድ፣ ቤት ሲገባ ካዝና። በአሻራ የሚከፈት ትንሽ ካዝና ለባለቤቱ በሰከንዶች ይከፈታል። ለልጁ አይከፈትም።