ቦንለስ ብለው ሽጠው አጥንት ሲገኝበት «ስታይል ነው»?

ሰሞኑን አንዱ የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤትን የቦንለስ ዊንግ (አጥንት የለሽ ተብሎ የሚሸጠው የዶሮ ጥብስ) ውሳኔ እያነሳ «ዳኞቹ ልክ ናቸው፣ ዶሮ አጥንት እንዳለው የማያውቅ ማነው» ሲል ሰማሁትና ደሜ ፈላ። ውሳኔው የ2024 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ያውም 4 ለ3።

ከሳሹ ሰውዬ በ2016 (እ.ኤ.አ.) እዛው ኦሃዮ ሃሚልተን ከተማ ቦንለስ ዊንግ አዘዘ፣ አንዷን ሁለት ሦስት ቦታ እየቆረጠ በላ፣ አልተስገበገበም። እንዲያም ሆኖ ቀጭን አጥንት የምግብ ቧንቧውን ቀዶት ኢንፌክሽን፣ ኦፕራሲዮን፣ ስቃይ። ሬስቶራንቱን ሲከስ ዳኛ ዲተርስ የጻፉት የአብላጫው ውሳኔ ምን ቢል ጥሩ ነው? ቦንለስ የአበሳሰል ስታይል ነው እንጂ ዋስትና አይደለም፣ ቺክን ፊንገር (በጣት ቅርጽ የተቆረጠ የዶሮ ጥብስ) የሚበላ ሰውም ጣት ቀረበልኝ አይልም! በቃ፣ ጁሪ (ከተራው ሕዝብ የሚመረጡ ፈራጆች) ፊት እንኳን ሳይደርስ ቀረ።

እኔን ያናደደኝ ይቺ የፊንገር ነገር ናት። ፊንገር ቅርጹን ነው የሚናገረው፣ ሕፃን እንኳን አይሳሳትም። ቦንለስ ግን ቅርጽም አይናገር ቅመምም አይናገር፣ አንድ ነገር የለበትም ነው የሚለው፣ ሰውም የሚያዘው ለዛ ነው። በሁዳዴ ካፌ ገብታችሁ የጾም ኬክ ብላችሁ አዛችሁ ቅቤ ቅቤ ሲላችሁ አስተናጋጁ «የጾም ማለት እኮ የአጋገር ስታይል ነው፣ ኬክ ቅቤ እንዳለው አታውቁም እንዴ» ቢላችሁ ዝም ብላችሁ ሒሳብ ትከፍላላችሁ? ግሉተን ፍሪስ (ስንዴ ውስጥ ያለው ግሉተን የለበትም የሚባለው) ነገ ስታይል ነው ሊባል ነው? የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እኮ በ2013 (እ.ኤ.አ.) ግሉተን ፍሪ የተባለ ምግብ ከሚሊዮን 20 እጅ በታች ካልሆነ እንዳይባል ብሎ በቁጥር አስሮታል፣ እዛ ቃል ቃል ነው፣ ቦንለስ ላይ ሲመጣ ጌጥ!

ዳኛ ዶኔሊ በልዩነት ሐሳባቸው ልጆቻቸውን ቦንለስ ዊንግና ናጌት (ትንንሽ የዶሮ ጥብስ ቁራጭ) የሚያበሉ ወላጆች አጥንት ይጠብቃሉ ወይ ብለው ነበር። አይጠብቁማ! ፍርድ ቤቱ ያለበት ኮለምበስ ያሉ የሐበሻ እናቶችን ጠይቁ፣ ዶሮ ወጥ ሲሆን የልጇን ድርሻ በጣቷ ፈልፍላ አጥንቱን ለይታ የምታጎርስ እናት ናጌት ሲሆን ሳጥኑን ከፍታ አቀብላው ወደ ጉዳዷ ነው። ለምን? ስለተነገራታ!

እሺ፣ ሥጋው ሲዘጋጅ ስባሪ ሊያመልጥ ይችላል። ያምልጥ፣ ግን ላመለጠው የሚከፍለው ቃሉን አምኖ የበላው ነው ወይስ ቃሉን ጽፎ የሸጠው? ስታይል ነው የሚሉ ሬስቶራንቶች እስቲ ሜኑው ላይ «አጥንት ሊኖረው ይችላል» ብለው ይጻፉና በዛው ዋጋ ሸጠው ያሳዩን።