አንድ ገጽ ሳይንስ በየክፍሉ፦ ክርክር

የክርክሩ ሐሳብ፦ «አጫጭር የሳይንስ ንባቦች በቋንቋ፣ በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በሒሳብ ክፍለ ጊዜም ይሰጡ።» ደጋፊዋ የቋንቋ መምህርት፣ ተቃዋሚው የፊዚክስ መምህር ናቸው።

ደጋፊ

በቋንቋ ትምህርት ለንባብ የሚቀርቡ ብዙ ምንባቦች አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ ተማሪው ሳያነባቸው ጥያቄዎቹን ይመልሳል። «የመልካም ጓደኛ ጥቅም» የሚል ርዕስ ያየ ልጅ የመጨረሻው አንቀጽ ምን እንደሚል ያውቀዋል። እኔ የምፈልገው መልሱ ከጽሑፉ ውስጥ ካልተፈለገ የማይገኝ ምንባብ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ ገባ። ያኔ ብዙ ሐኪሞች በሽታውን የሚያመጣው መጥፎ አየር ነው ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም ግን የሟቾችን ቤት እየዞረ ጠየቀ፤ ሞቱም በብሮድ መንገድ ባለው የውሃ ፓምፕ ዙሪያ እንደሚበዛ በካርታ አሳየ። እዚያው አጠገብ ያለ የቢራ ፋብሪካ ሠራተኞች አልሞቱም፤ የሚጠጡት ቢራ ነበር፣ ፋብሪካውም የራሱ ጉድጓድ ነበረው። በሌላ በኩል ሩቅ ሰፈር የምትኖር አንዲት መበለት የዚያን ፓምፕ ውሃ ጣዕም ስለምትወድ እያስመጣች ትጠጣ ነበር፤ ሞተች። የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፤ ወረርሽኙም ቆመ።

ይህ ሁሉ ከአንድ ገጽ አያልፍም። ጂኦግራፊ ካርታውን፣ ታሪክ ዘመኑን ይውሰድ። ለእኔ መበለቲቱ ትበቃኛለች፤ ስለ እሷ የተጻፈው ማስረጃ ነው ወይስ ወሬ ማሳመሪያ? ብዬ አንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ አከራክርባታለሁ። ሒሳብ ደግሞ የጥንቱን ግሪካዊ ሊቅ የኤራቶስቴነስን ታሪክ ያንብብ፤ በግብፅ ባለችው በሲየን ከተማ ፀሐይ አናት ላይ በምትሆንበት ሰዓት በእስክንድርያ ጥላው 7.2 ዲግሪ ዘንበል አለ፤ 360 ለ7.2 ሲካፈል 50፤ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 5,000 ስታድያ (የጥንት የርቀት መለኪያ) በ50 ሲባዛ የምድር ዙሪያ 250,000 ስታድያ ሆነ።

እ.ኤ.አ. በ1988 የታተመ አንድ ጥናት ስለ ቤዝቦል ጨዋታ የተጻፈ ምንባብ ለተማሪዎች ሰጥቶ ነበር። ጨዋታውን የሚያውቁት ደካማ አንባቢዎች ከማያውቁት ጎበዝ አንባቢዎች የተሻለ ተረዱት። ስለዚህ የማንበብ ችሎታ እንዲያድግ የምንፈልግ ከሆነ ስለ ዓለም የሚታወቀውን እናብዛ። በደንብ የተጻፈ አንድ ገጽ አንድ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ የሚያስተምረውን ያህል ያስተምራል።

ተቃዋሚ

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አነበብኳት። ለካስ እስከ ዛሬ ቴርሞሜትር የሚሰበርብኝ በከንቱ ነው!

ላብራቶሪ ውስጥ ምን እንደሚሆን ልንገርዎት። ተማሪዋ የፔንዱለሙን ውዝዋዜ ትለካለች፤ ቁጥሯ ከጎረቤቷ ቁጥር ጋር አይገጥምም። ክሩን እንደገና ትለካለች፣ ሰዓቱን ትጠራጠራለች፣ ራሷን ትጠራጠራለች። ያ ግራ መጋባት ነው ትምህርቱ። ገጹ ላይ ግን ሁሉም ነገር አስቀድሞ ተሳክቷል።

ደግሞስ «እጀታው ተነቀለ፤ ወረርሽኙም ቆመ» ማለት ምን ማለት ነው? እጀታው የተነቀለው እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1854 ነው። በዚያን ጊዜ የሟቾች ቁጥር ቀድሞ አሽቆልቁሏል፤ ብዙ ነዋሪም ሰፈሩን ጥሎ ሸሽቷል። ስኖው ራሱ ይህን ጽፏል፤ ፓምፑ ከመዘጋቱ በፊት በሽታው ቀንሶ ስለነበር መዘጋቱ ምን ያህል እንደረዳ ማወቅ አልተቻለውም። ሳይንቲስቱ የተጠነቀቀበትን ነገር የእርስዎ ገጽ በአራት ቃል ጨረሰው። ልጆቹ ከዚያ የሚማሩት «በኋላ መጣ፣ ስለዚህ በእሱ ምክንያት መጣ» የሚለውን ስሕተት ነው፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ የምታገለው እሱኑ ነው።

በየሙያችን እንቆይ። ንባብ ማስተማር የእኔ ሥራ አይደለም፤ ፊዚክስ ማስተማርም የእርስዎ ሥራ አይደለም።

ደጋፊ

ስለ ስኖው ያጫወቱኝን በጣም ወደድኩት። ግን ከየት አወቁት? በፔንዱለም ለክተው ነው? አንብበው ነው።

እና «ንባብ ማስተማር የእኔ ሥራ አይደለም» ይላሉ! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነውና እዚህ ላይ ልቁም። የፊዚክስ ፈተና በምን ይጻፋል? «የአየር ግጭት ከግምት ሳይገባ»፣ «ከዕረፍት ተነሥቶ»፣ «በቋሚ ፍጥነት» የሚሉ ሐረጎች በተደራረቡበት አንቀጽ ነው። ቀመሩን አሳምሮ የሚያውቅ ልጅ አንቀጹ ውስጥ ይጠፋል። ከዚያ መምህሩ ወረቀቱን ይዞ «እነዚህ ልጆች ማንበብ አይችሉም» እያለ ወደ እኛ ይመጣል። በሳምንት ከሚማሩት ክፍለ ጊዜ አብዛኛው በእናንተ እጅ ነው፤ ተጠያቂዎቹ ግን እኛ ብቻ! የኬሚስትሪ ጽሑፍ እንዴት እንደሚነበብ፣ የት ላይ ቆሞ ሥዕሉን ማየት እንደሚገባ፣ «ስለሆነም» የሚለው ቃል ምንን ከምን እንደሚያያይዝ ማን ያሳያቸው? የግጥም መምህርቷ?

ላብራቶሪ ይዘጋ ያልኩ አይመስለኝም።

ተቃዋሚ

አልሸሹም፣ ዞር አሉ! «ይዘጋ» አላሉም፤ ያሉት «ያህል ያስተምራል» ነው። ያው ገጽ ይበቃል ካሉ ለላብራቶሪው በጀት የሚሰጥ ሞኝ አለቃ የት ይገኛል?

የአጭር ንባብ ችግር ማጠሩ ነው። ፔኒሲሊን የተባለውን ባክቴሪያ ገዳይ መድኃኒት እንደ ምሳሌ ይውሰዱ። ሁሉም ገጽ አንድ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1928 ሳይንቲስቱ ፍሌሚንግ የተበላሸ የባክቴሪያ ሳሕን አየ፤ ሻጋታው ባክቴሪያውን ገደለ፤ ዓለም ዳነ። ከዚያ በኋላ መድኃኒት እስኪሆን ድረስ ከ10 ዓመት በላይ እንደፈጀ፣ ሥራውን ኦክስፎርድ ውስጥ ሳይንቲስቶቹ ፍሎሪና ቼን ከባልደረቦቻቸው ጋር እንደሠሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1941 የመጀመሪያው ታማሚ መሻል ጀምሮ መድኃኒቱ ስላለቀ፣ ከሽንቱ እየተጣራ ሳይቀር ተሰጥቶት እንኳ እንደሞተ የሚናገር ስንት ገጽ አይተዋል? የ1945ቱን የኖቤል ሽልማት ሦስቱ ተካፍለውታል፤ ልጆቹ የሚያውቁት አንዱን ነው። ሁለቱ ለምን ቀሩ? ገጹ አለቀ!

ስለ ኤራቶስቴነስም ካነሣን፦ ምድር ጠፍጣፋ፣ ፀሐይም ቅርብ ብትሆን በሁለቱ ከተሞች ጥላው ያው ይለያይ ነበር። ስሌቱ የሚሠራው የፀሐይ ጨረሮች ትይዩ ሆነው ይደርሱናል ብለን ስንነሣ ነው። ይህች ግምት በእርስዎ ምንባብ ውስጥ የለችም። አንድ ንቁ ልጅ እጁን አውጥቶ ቢጠይቅ የቋንቋ መምህርቷ ምን ትለዋለች?

ደጋፊ

«የቋንቋ መምህርቷ ምን ትለዋለች?» ንቀቱን በጨዋ ልብስ አልብሰው ስላቀረቡት አመሰግናለሁ። ብዙ ዓመት ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ «አላውቅም፣ እንፈልገው» ማለት በእኔ ክፍል ነውር ሆኖ አያውቅም። የጥላውን ጥያቄ ግን ወስጄዋለሁ፤ ልጆቹ ክርክሩን በጽሑፍ ይሠሩታል፦ ጸሐፊው ሳይናገር የያዘው ግምት የትኛው ነው? ከዚህ የተሻለ የቋንቋ መልመጃ አላውቅም፤ ያቀበሉኝም እርስዎ ነዎት።

አሁን ጥያቄዬን ይመልሱ። ተማሪዎችዎ በክፍልዎ ውስጥ ከቀመርና ከፈተና ጥያቄ የሚረዝም ጽሑፍ አንብበው ያውቃሉ? ባለፈው ሳይመልሱልኝ ወደ ፔኒሲሊን ሄዱ።

ተቃዋሚ

ንቀት አላልኩም፤ ጥያቄ ጠየቅሁ። ሰው ሲጠየቅ የሚከፋው ከሆነ ክርክር ምን ያደርጋል?

የምዕራፉን ብዛት ያውቁታል። ዓመቱ ሳያልቅ ካልጨረስኩት የሚጠየቀው ማን እንደሆነም ያውቃሉ። ማንበብ ይጠቅማል ወይ ብለው ከጠየቁኝ፣ ይጠቅማል፤ ማን ይክዳል? ግን በቅደም ተከተሉ። መጀመሪያ ልጁ ይለካ፣ ይሳሳት፣ ይናደድ፤ ከዚያ ሌላው ሰው ከ150 ዓመት በፊት እንዴት እንደተናደደ ያንብብ። ከሙከራ በኋላ ከሆነ አልቃወምም። ንባቡንም የሚመርጠው የሳይንስ መምህሩ ይሁን፤ በታሪክ ክፍልም በቋንቋ ክፍልም የሚሰጠውን ጭምር።

ደጋፊ

እንግዲህ ከ«የእኔ ሥራ አይደለም» ተነሥተን «የምመርጠው እኔ ነኝ» ላይ ደረስን። በየክፍሉ ይሰጥ ከተባለ እኔ ሌላ ምን ጠየቅሁ? ይምረጡ። የኮሌራውንም ገጽ እንደሚወዱት አድርገው ይጻፉት፤ መስከረም 8ንም ያስገቡ። ከአንድ ገጽ ግን አይበልጥም።

ተቃዋሚ

የላብራቶሪዋን ዓረፍተ ነገር ሳያነሡ አንድም ገጽ አልመርጥም።

ደጋፊ

አላነሣትም። የሚመርጥ ሌላ የፊዚክስ መምህር አይጠፋም።